መሬት ለመሬት

ጁምዓ ነው። ጁበይል ገና አልነቃችም፣
ፀሐይም ከባሕሩ አንገቷን አላወጣችም፤
የማጣሪያው እሳት ብቻ፣ ልክ እንደ ትናንቱ፣
ያለ እረፍት ይነዳል ከረጅሙ ቱቦ አናቱ።

እኔ ቦቴዬን ሞልቼ፣ ከመንገዱ ድርሻ ቀንሼ
(ሰረቀ እንዳትሉኝ)
ሜዳውን አጠጣለሁ፣ በኋላ ማርሽ ተመልሼ።
ሣር የለውም። አሸዋ ነው፣ ከሥሩ ጨው ያለበት፣
ፊሊፒኖች በየሳምንቱ ኳስ የሚመቱበት፣
በዱላ።

ውሃው ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ ዳኒሎ ነው፣
በያጅ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው።
«ደረቅ ሲሆን» አለኝ፣ በአረብኛ ስብርባሪ፣
«ኳሷ እባብ ትሆናለች፣ ፈጣን፣ ተወርዋሪ።
ሲርስ ግን ትደክማለች፣ ትመጣለች እየተጎተተች፣
እንደ ኩባንያችን ደሞዝ፣ ወር እየዘገየች።»

አንድ ጁምዓ ሰው ጎደለ። ሮዴል ፈረቃ ገባ።
«ያ ሰዲቅ!» ብለው ጮሁ፣ «ቦቴውን ተው፣ ሜዳ ግባ!»
የሌላ ሰው ላብ የጠጣ ጓንት ግራ እጄ ላይ አጠለቁ፣
በሁለተኛውና በሦስተኛው ከረጢት መሀል አቁመውኝ ሳቁ።

የሰማይ ኳስ ጊዜ ይሰጣል፤ ዱዓ ያስደርሳል፤
አንጋጠህ ትጠብቀዋለህ፣ የት እንደሚወድቅ ያስታውቃል።
ያቺ ግን
መጣች መሬት ለመሬት፣ አሸዋውን እየላሰች፣
አንዴ ነጠር፣ ሁለቴ ነጠር፣ ሦስተኛውን ደበቀች፣
ወደኔ። ወደኔ ብቻ።

እጄን ረሳሁት። እግሬ ግን ከሚሴን አልረሳም፣
«ኳስ ቢያልፍ ሰው አያልፍም» ብሎ ያደገ ከቦታው አይነሳም፤
በቁርጭምጭሚቴ አቆምኳት።
ወላሂ፣ ድንጋይ ናት!
ሜዳው በሳቅ ፈረሰ፤ ዝምተኛው ኦኩዳ እንኳ ሳቀ፣
ሯጩ ሳይቀር ሆዱን ይዞ መንገድ ላይ ወደቀ።
እኔም እያነከስኩ አነሳሁ፣ ወረወርኩ። ወጣ ሰውየው!

ከዚያ ወዲህ ዳኒሎ፣ ከሥራ ሲወጣ፣ ማታ ማታ፣
አጥር ሥር ይልክልኝ ጀመር፣ ዝቅ አድርጎ፣ በተርታ።
«ጓንቱ ከመሬት ይጀምር፤ አፉን ከፍቶ ይጠብቃት።
ከታች ወደ ላይ መነሳት ይቻላል፤ ከላይ ስትወርድ ግን አልፋሃለች፣ ተሰናበታት።
ፊትህንም አታዙር።»

ታናሽ ወንድሜ አሊዩ የሐረድን ድንበር የተሻገረው
እንዲሁ ነው፣ በሆዱ፣ ሌሊት፣ ፊቱን ሳያዞር።
ይህን ለዳኒሎ አልነገርኩትም።

በሰኔ ሦስት ቀን ሸማል ነፈሰ፣ ጠጠር ከየት አምጥቶ ዘራ፤
በባልዲ ለቀምኩ፣ በእጄ ዳበስኩ፣ ሰማዩ እስኪበራ።
አንዷን አላየኋትም።

ዳኒሎ ጎንበስ አለ፣ ጓንቱ ከመሬት፣ ዓይኑ ከኳሷ፣
እኔን እንዳስተማረኝ፣ አንዲት ነገር ሳያጎድል፤
ኳሷ ጠጠሯን ነክታ ተነሳች፣ እንደ ተቀሰቀሰች ነብር።
ከንፈሩ ላይ።

ፍንጭቱ በር ሆነ።
ኳሷን ግን ከነደሙ አነሳ፣ ወረወረ፣ ሯጩን ቀደመው፤
ከዚያ ነው የተቀመጠው።
እኔ ባልዲዬን ይዤ ቆሜአለሁ፤ አየኝ፣ አየሁት።
«ሜዳ ነው» አለ፣ አሸዋው ላይ እየተፋ፣
«ሜዳ እንዲህ ነው።»

ጨዋታው ሲያልቅ ፈልጌ አገኘኋት። ሽምብራ አታህልም።
ቦቴዬ ውስጥ፣ ሲጋራ መተርኮሻው ላይ ናት፤ አልጣልኋትም።
አሁን ሐሙስ ማታም እለቅማለሁ፣ በስልክ መብራት፣
ዳኒሎ አዲስ ጥርስ አስተክሏል፤ ሳቁ ግን የድሮው አልሆነለት።

መንገዱ ሲጎረብጥ ቀጭ ትላለች፣
እኔም መሪው ላይ
ጎንበስ እላለሁ፣
ሳላስበው።